ብድር የማያውቅ ተማሪ በአሜሪካ ክሬዲት እንዴት ይጀምራል?

አሜሪካ ለትምህርት የመጣ ሰው ቶሎ የሚገጥመው ነገር አለ። ከማንም አልተበደረም። ዕዳ የለበትም። ግን ቤት ልከራይ ወይም ስልክ በውል ልውሰድ ሲል «ክሬዲት የለህም» ይባላል፤ ተበድሮ የመክፈል ታሪክ የለህም ማለት ነው። ብዙዎቻችን ያደግነው ዕዳ የሌለበት ሰው የተከበረ ሰው ነው እየተባልን ነው። እዚህ ግን ተበድሮ የማያውቅ ሰው አበዳሪዎች የማያውቁት ሰው ነው። መጥፎ ነው አይሉም። አናውቀውም ነው የሚሉት።

እኔም በተማሪ ቪዛ ስመጣ ፋይሌ ባዶ ነበር። ዛሬ ጥሩ ክሬዲት አለኝ፤ ለዚህም ብዬ አንድ ሳንቲም ወለድ አልከፈልኩም። ይህን መጻፍ የፈለግኩት ክሬዲት ለመገንባት የግድ ዕዳ ውስጥ መግባት አለብኝ ብለው የሚያምኑ ተማሪዎች ስለሚያጋጥሙኝ ነው። በጣም ያሳስበኛል። ዕዳ ውስጥ መግባት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው አከፋፈላችሁን የሚያሳውቅላችሁ አንድ አካውንት፣ በጊዜው መክፈል፣ ከዚያ መታገሥ ነው።

መዝገቡ በማን እጅ ነው

የብድር ታሪካችንን የሚይዙት ሦስት ትልልቅ የግል ኩባንያዎች ናቸው፦ ኤክስፒሪያን፣ ኢኩፋክስ እና ትራንስዩኒየን። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አይደሉም። የሚያውቁትም በዋናነት ባንኮችና አበዳሪዎች የላኩላቸውን ነው። ባንክ ውስጥ ስንት ገንዘብ እንዳላችሁ ወይም በትምህርታችሁ ጎበዝ መሆናችሁን አይመዘግቡም። በዴቢት ካርድ ዓመቱን ሙሉ ብትገዙ መዝገቡ ላይ ምንም አይገባም፤ ያወጣችሁት የራሳችሁን ገንዘብ ነውና። የቤት ኪራይም ቢሆን አከራዩ ወይም ሌላ አገልግሎት ካላሳወቀላችሁ አይቆጠርም። አለመክፈል ግን ሊቆጠር ይችላል። ሳይከፈል የቀረ የስልክ ወይም የመብራት ሒሳብ ለዕዳ ሰብሳቢ ከተላለፈ ስማችሁ ላይ ሊወጣ ይችላል። ይህ ፍትሐዊ አይመስለኝም። ቢሆንም አውቆ መጠንቀቅ ይሻላል።

ስኮር የሚባለው ከዚህ መዝገብ ተነስቶ የሚሰላ ቁጥር ነው። አበዳሪዎች በብዛት የሚጠቀሙበት ፋይኮ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣ ሲሆን ከ300 እስከ 850 ይደርሳል። ኩባንያው ራሱ እንደሚያስረዳው 35 በመቶው በጊዜው መክፈላችሁን ያያል። 30 በመቶው ከተፈቀደላችሁ ገንዘብ ምን ያህሉን እንደተጠቀማችሁ፣ 15 በመቶው ደግሞ ታሪካችሁ ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው ነው። የቀረው 20 በመቶ ለአዲስ ማመልከቻዎችና ለብድር ዓይነት እኩል ይከፈላል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ደምሯቸው፤ 65 በመቶ ይመጣል። ይህ ሀብት የማይጠይቅና ማንኛውም ተማሪ ሊቆጣጠረው የሚችል ነገር ነው።

ስኮር የለኝም ማለት ስኮሬ ዜሮ ነው ማለት አይደለም። ከ300 ተነስቶ ደረጃ በደረጃ መውጣትም የለም። ፋይኮ ስኮር እንዲያወጣላችሁ ቢያንስ ስድስት ወር የሞላው አንድ አካውንት ሊኖራችሁ ይገባል፤ ባለፉት ስድስት ወራት ውስጥም መረጃ የተላከበት አካውንት መኖር አለበት። ሦስቱ ኩባንያዎች በጋራ ያወጡት ቫንቴጅስኮር የሚባል ሌላ ስሌት ደግሞ ከዚያ ቀድሞም ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። ስልካችሁ ላይ ያለው አፕ ቁጥር እያሳያችሁ ባንኩ «ስኮር የላችሁም» ቢላችሁ ግራ አትጋቡ። እየተነጋገራችሁ ያላችሁት ስለ ሁለት የተለያዩ ስሌቶች ነው።

በሩ የሚከፈተው የት ነው

ከውጭ ለመጣን ተማሪዎች የመጀመሪያው ጥያቄ «ሶሻል» ነው፤ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ማለቴ ነው። በኤፍ ዋን (በተማሪ) ቪዛ ያለ ተማሪ ይህን ቁጥር የሚያገኘው በአብዛኛው ግቢ ውስጥ ሥራ ሲያገኝ ነው። ግቢ ውስጥ መሥራት የሚፈቀደው ትምህርት ባለበት ጊዜ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው። ከቀጣሪያችሁና ከትምህርት ቤቱ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ደብዳቤ ይዛችሁ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ትሄዳላችሁ። ሥራ የሌለው ሰው በፓስፖርት ወይም አይቲን በሚባለው የግብር ቁጥር የሚቀበሉ ካርድ ሰጪዎችን መፈለግ ይችላል። አሉ። ነገር ግን ሁሉም አይቀበሉም፤ ከማመልከት በፊት ደውሎ መጠየቅ ያዋጣል።

ሁለተኛው ዕድሜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የክሬዲት ካርድ ሕግ ከ21 ዓመት በታች የሆነ ሰው ክሬዲት ካርድ ለማውጣት መክፈል የሚያስችል የራሱ ገቢ እንዲያሳይ፣ ካልሆነም 21 ዓመት የሞላው ተያዥ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ከግቢ ሥራ የምታገኙት ክፍያ እንደ ገቢ ይቆጠራል። ትንሽ ነው ብላችሁ አትተዉት። ትክክለኛውን ቁጥር ጻፉ፤ ከፍ አታድርጉት። ማመልከቻ ላይ ገቢን በውሸት መጻፍ በሕግ የሚያስጠይቅ ነገር ነው።

እኔ ያመለከትኩበት የመጀመሪያው ባንክ አልፈቀደልኝም። የላከልኝ ደብዳቤ ምክንያቱን ጽፎት ነበር፤ በቂ የብድር ታሪክ የለም ይላል። ደብዳቤውን በደንብ አነበብኩት። እናንተም እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ ሲደርሳችሁ አትጣሉት። ሕጉ አበዳሪው የከለከለበትን ምክንያት እንዲነግራችሁ ወይም ምክንያቱን የመጠየቅ መብት እንዳላችሁ እንዲያሳውቃችሁ ያስገድደዋል። ውሳኔው በክሬዲት ሪፖርት፣ ማለትም ከሦስቱ ኩባንያዎች በአንዱ ባለው መዝገባችሁ ላይ ተመሥርቶ ከሆነ ደግሞ በ60 ቀን ውስጥ ያንኑ ሪፖርት በነፃ ጠይቃችሁ ማየት ትችላላችሁ።

መከልከሉ ራሱ ስማችሁ ላይ አይጻፍም። የሚመዘገበው ማመልከታችሁ ነው። ይህ ሃርድ ኢንኳየሪ የሚባለው ሲሆን ሪፖርቱ ላይ ሁለት ዓመት ይቆያል፤ ፋይኮ ግን የሚቆጥረው የመጨረሻዎቹን 12 ወራት ብቻ ነው። የሚቀንሰውም ለአብዛኛው ሰው ጥቂት ነጥብ ነው። አንድ ማመልከቻ አያስፈራም። በንዴት በተከታታይ አምስት ባንክ ማመልከት ግን ጥሩ አይደለም፤ ፋይሉ ባዶ የሆነ ሰው ላይ ደግሞ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። ብዙ ባንኮች ድረ ገጻቸው ላይ ሳታመለክቱ ልትፈቀድላችሁ የምትችል ካርድ መኖሯን የሚያሳይ ቅድመ ምርመራ አላቸው። እሱ ስኮር አይነካም። መጀመሪያ እሱን ሞክሩ።

እኔ የጀመርኩት በማስያዣ በሚሰጥ ካርድ ነው፤ ሴኪዩርድ ካርድ ይሉታል። ለምሳሌ 200 ዶላር ታስይዛላችሁ፤ የካርዱ ጣሪያም፣ ማለትም በካርዱ መጠቀም የምትችሉት ከፍተኛ ገንዘብ፣ አብዛኛውን ጊዜ 200 ዶላር ይሆናል። ገንዘቡ የእናንተው ነው። ካርዱን ስትዘጉ ወይም ባንኩ ወደ መደበኛ ካርድ ሲያሳድጋችሁ፣ ዕዳ ከሌለባችሁ ይመለስላችኋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። በየወሩ የምትጠቀሙበት ሒሳብ ከማስያዣው ላይ አይቀነስም። ማስያዣው ተቀምጦ ይቆያል፤ እናንተ በየወሩ ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ።

ከመውሰዴ በፊት ባንኩን የጠየቅኩት ሦስት ነገር ነው። ለሦስቱም ኩባንያዎች ታሳውቃላችሁ ወይ? ዓመታዊ ክፍያ አለው ወይ? ወደ መደበኛ ካርድ የሚያድገው መቼ ነው? የመጀመሪያው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። ለማንም የማያሳውቅ ካርድ የፈለጋችሁትን ያህል በታማኝነት ብትከፍሉበት ለክሬዲታችሁ ምንም አይጠቅምም። ቀድማችሁ ገንዘብ የምትሞሉባቸው ፕሪፔይድ የሚባሉት ካርዶች እንዲህ ናቸው፤ መልካቸው ግን ክሬዲት ካርድ ይመስላል። ለተማሪ ተብለው ያለማስያዣ የሚሰጡ ካርዶችም አሉ። ቅድመ ምርመራው ካሳለፋችሁ እነሱ ይሻላሉ፤ ገንዘባችሁ አይታሰርም። ግቢያችሁ ውስጥ ወይም አጠገቡ ክሬዲት ዩኒየን (የአባላት የቁጠባና ብድር ማኅበር) ካለ ደግሞ ገብታችሁ ሰው አነጋግሩ። ለጀማሪ ተማሪ ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚያስረዳ ሰው ማግኘት ትልቅ ነገር ነው።

አክስቴና ካርዷ

እዚህ ዘመድ ያለው ሰው ሌላ መንገድ አለው። ዘመዱ በራሱ ካርድ ላይ ተጠቃሚ አድርጎ ሊጨምረው ይችላል። ኦቶራይዝድ ዩዘር ይባላል። ካርዱ የቆየና በጥሩ ሁኔታ የተከፈለ ከሆነ ያ ታሪክ በእናንተ ሪፖርት ላይም ሊወጣ ይችላል። ለአክስቴ ይህን ሳነሳላት መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ቤቴን የገዛሁበትን ብድር አይነካብኝም?» ብላ ነው። ጥያቄዋ ትክክል ነበር። ስሜን በመጨመሯ ብቻ የሷ ስኮር አይወርድም። ዕዳውን የመክፈል ግዴታ ግን የሷ ብቻ ነው፤ እኔ ገዝቼ ባልከፍል የምትጠየቀው እሷ ነች። ስለዚህ ካርዱ እኔ እጅ እንዳይገባ ተስማማን። በስሜ የመጣውን ካርድ መሳቢያዋ ውስጥ አስቀመጠችው። ሪፖርቱ ላይ ለመውጣት ካርዱን መያዝ አያስፈልግም።

እናንተም ስትጠይቁ ይህን ቀድማችሁ ብትነግሩ ዘመዳችሁ ሳይከብደው ይወስናል። እምቢ ካለም አትቀየሙ፤ የገዛ ስሙ ነው። በተጨማሪ ባንኩ የተጨማሪ ተጠቃሚዎችን መረጃ ለሦስቱም መላኩን አስጠይቁ። ዘመዳችሁ ራሱ ክፍያ የሚያዘገይ ከሆነ ወይም ካርዱ እስከ ጣሪያው የተሞላ ከሆነ ደግሞ ይቅርባችሁ። የሱ ችግር ወደ እናንተም ሪፖርት ሊመጣ ይችላል።

ስቴትመንት፣ ዲው ዴትና ያ የወለድ ወሬ

ካርዱ ከተገኘ በኋላ የሚሠራው ሥራ ትንሽ ነው። እኔ የስልክ ቢሌን ብቻ በካርዱ እንዲከፈል አደረግኩ። የካርዱ ሒሳብ ደግሞ ከባንክ አካውንቴ በራሱ እንዲከፈል ኦቶፔይ አበራሁ። ካርዷን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ አልዞርኩም።

ኦቶፔይ ስታበሩ ሦስት ዓይነት ምርጫ ይመጣላችኋል። ሚኒመም (ባንኩ በወሩ የሚጠይቀው ትንሹ ክፍያ) የሚለውን አትምረጡ። ስቴትመንት ባላንስ የሚለውን ምረጡ። ልዩነቱ ይህ ነው። ባንኩ በወር አንድ ቀን ሒሳቡን ዘግቶ «እስከ ዛሬ ይህን ያህል ተጠቅመሃል» ይላል፤ ስቴትመንት የሚባለው እሱ ነው። ከዚያ ቢያንስ 21 ቀን ይሰጣችኋል። የመጨረሻዋ ቀን ዲው ዴት ነች። እስከዚያች ቀን ስቴትመንቱ ላይ ያለውን ሙሉውን ከከፈላችሁ በገዛችሁበት ላይ ወለድ የለም። ሚኒመም ብቻ ከከፈላችሁ ግን ስማችሁ አይበላሽም፤ ወለዱ ግን ይጀምራል። በዓመት 24 በመቶ ወለድ ያለው ካርድ ላይ 1,000 ዶላር ቢቀርባችሁ በወር ወደ 20 ዶላር ነው። ይህ ለተማሪ የሳምንት አስቤዛ ማጋመሻ ነው።

አሁን ወደ ወሬው ልምጣ። «ሁሉንም አትክፈል፣ ትንሽ አስቀርበት፣ ክሬዲት የሚያድገው እንደሱ ነው» የሚል ምክር ከተማሪ ወደ ተማሪ ሲተላለፍ ሰምታችሁ ይሆናል። እኔ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ በቅን ልብ ነው የሚነግሩን። ውሸት ነው። ስሌቱ ወለድ መክፈላችሁን አያይም። የሚያየው ስቴትመንቱ ሲዘጋ ስንት እንደነበረባችሁና በጊዜው መክፈላችሁን ነው። ሙሉውን የከፈለ ሰው ክሬዲቱ ያድጋል፣ ገንዘቡም ይተርፈዋል። የምታውቁት ተማሪ ይህን እያደረገ ከሆነ እባካችሁ ዛሬውኑ ንገሩት።

ከዚህ ጋር የሚሄደው የአጠቃቀም መጠን ነው። ጣሪያችሁ 200 ዶላር ሆኖ በ120 ዶላር መጽሐፍ ብትገዙ 60 በመቶ ተጠቀማችሁ ማለት ነው። የተለመደው ምክር ከ30 በመቶ በታች ይሁን የሚል ነው፤ ባነሰ ቁጥር ደግሞ ይሻላል። አብዛኞቹ ባንኮች ለኩባንያዎቹ የሚልኩት ስቴትመንቱ ሲዘጋ ያለውን ቁጥር ነው። ስለዚህ ያንን መጽሐፍ የገዛችሁ ጊዜ ሒሳቡ ከመዘጋቱ በፊት 100 ዶላሩን ክፈሉ፤ የሚላከው 20 ዶላር ይሆናል። ካልሆነላችሁም አትጨነቁ። በስፋት በሚሠራባቸው የፋይኮ ስሌቶች ያለፈው ወር አጠቃቀም አይታወስም። በሚቀጥለው ወር ሲወርድ ስኮሩም ይመለሳል።

የማይረሳው ማዘግየት ነው። ክፍያ ከዲው ዴት 30 ቀን ካለፈው ለኩባንያዎቹ ይላካል፣ ሰባት ዓመትም ይቀመጣል። አንድ ጓደኛዬ ለክረምት አገር ቤት ሄዶ፣ ስልኩን ዘግቶ፣ ካርዱ ላይ የቀረችው ትንሽ ሒሳብ ሳትከፈል ቀረች። ገንዘቡ ነበረው። መልእክቱ ግን አልደረሰውም። አንድ ወይም ሁለት ቀን ካለፈባችሁ ግን ገና አልመሸም። ወዲያው ክፈሉ፣ ደውሉ፣ የዘገየበትን ቅጣት እንዲያነሱላችሁ በትሕትና ጠይቁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ብዙ ጊዜ ያነሱታል። ኦቶፔይ ስታበሩም የመጀመሪያው ክፍያ ከየትኛው ወር እንደሚጀምር አረጋግጡ፤ የያዝነውን ወር ላያካትት ይችላል።

ስማችን

ይህን ክፍል የምጽፈው ለኛ ሰዎች ነው። የኛ ስም እዚህ አገር ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ ይምታታል። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይገባል፣ የአያት ስም አንዴ ይጻፋል አንዴ ይቀራል፣ ወልደ ሚካኤል አንዱ ቦታ አንድ ቃል ሌላው ቦታ ሁለት ቃል ይሆናል። የላቲን ፊደሉ አጻጻፍም ከወረቀት ወረቀት ይለያያል። አንድ ሰው ስሙ በሁለት ዓይነት ከተጻፈ ፋይሉ ለሁለት ሊከፈል ይችላል፤ ወይም የሌላ ሰው ዕዳ ገብቶ ሊገኝ ይችላል። ፓስፖርታችሁ ላይ ያለውን አጻጻፍ ያዙና ባንክ፣ ሥራ ቦታ፣ ኪራይ ውል ላይ ሁሉ አንዱን ብቻ ተጠቀሙ። በአይቲን ጀምራችሁ በኋላ ሶሻል ካገኛችሁም ለባንኩ ደውላችሁ አስቀይሩ።

ሪፖርታችሁን ከሦስቱም ኩባንያዎች በየሳምንቱ በነፃ ማየት ትችላላችሁ። ለዚህ በሕግ የተፈቀደው ድረ ገጽ አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም (AnnualCreditReport.com) ነው። ስሙን የሚመስሉ ሌሎች ስላሉ ፊደሉን አይታችሁ ግቡ። ይህ ገጽ የክሬዲት ካርድ ቁጥር አይጠይቅም። ስህተት ካገኛችሁ ለኩባንያው በጽሑፍ አመልክቱ፤ ብዙውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ አጣርቶ መልስ መስጠት አለበት። ማንም አያስፈልጋችሁም። «ክሬዲትህን አስተካክላለሁ፣ ቀድመህ ክፈለኝ» የሚል ሰው ወይም ድርጅት ካጋጠማችሁ ሽሹ። ሥራው ሳይሠራ ገንዘብ መቀበል በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው።

ሌላው ዋስትና ነው። «መኪና ልገዛ ነው፣ ፈርምልኝ» የሚል ጓደኛ መምጣቱ አይቀርም፤ በተለይ ክሬዲታችሁ ጥሩ መሆኑ ሲታወቅ። እምቢ ማለት ለኛ ከባድ ነው፤ አውቃለሁ። ግን መፈረም ማለት ብድሩ የእናንተም ነው ማለት ነው። እናንተ ሪፖርት ላይ ይወጣል፣ እሱ ቢያዘገይ እናንተም ዘገያችሁ ይባላል፣ ባይከፍል ሙሉውን ትጠየቃላችሁ። ከቻላችሁ ገንዘብ አግዙት። ፊርማችሁን ግን ያዙ።

ክሬዲታችሁ ሲያድግ ሌላ ካርድ ማውጣት ትችላላችሁ። ዓመታዊ ክፍያ ከሌለው የመጀመሪያውን አትዝጉት፤ ጣሪያው ይጠቅማችኋል። የብድር ዓይነት እንዲበዛ ብላችሁ የማያስፈልጋችሁን ብድር አትውሰዱ፤ ለ10 በመቶ ብሎ ወለድ መክፈል አያዋጣም። የፌዴራል የትምህርት ብድር የወሰዳችሁ ካላችሁ ግን እሱም ሪፖርታችሁ ላይ ይኖራል። እስክትመረቁ ክፍያው ቢቆይም ከዚያ በኋላ መጀመሩን ጠብቁ፤ 90 ቀን ከዘገየ ይላካል።

ስትመረቁ ደግሞ አንድ ነገር ቀድማችሁ አድርጉ። ባንኩ ጋ ያለው ኢሜይላችሁ የትምህርት ቤቱ ከሆነ ወደ ግል ኢሜይላችሁ ቀይሩት። ብዙ ትምህርት ቤቶች ከተመረቃችሁ በኋላ ኢሜይሉን ይዘጉታል፤ ስቴትመንቱ ግን ወደዚያው መላኩን ይቀጥላል። የዶርም አድራሻችሁንም በዚያው ቀን አብራችሁ አስተካክሉ።